የአላፊ አግዳሚ አደባባይ

አንድን ቦታ የሁሉም የሚያደርገው ምንድን ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። አደባባዩ የሁሉም ነው፣ መንገዱ የሁሉም ነው፣ ገበያው የሁሉም ነው እንላለን፤ እንዲህ የምንለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቦታውን ሳናስበው ስናልፍበት ነው። ቆም ብለን ስንመረምረው፣ «ሁሉም» ያልነው ማን እንደሆነ፣ በዚያ ቦታ ላይ ምን እንደሚፈቀድለት፣ እስከ መቼስ ሊቆይ እንደሚችል በውል እንዳላወቅን ይገባናል። ጥያቄው በዚህ ዘመን የበረታው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2016 ጀምሮ የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ በአዲስ አበባ ተጀምሮ ጎንደርንና ባሕር ዳርን ጨምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ሲዛመት፣ የእግረኛ መንገድ ሰፍቷል፣ መብራት ተተክሏል፣ ፏፏቴ ተሠርቷል፤ በዚያው ልክ የኖረ ሰፈር ፈርሷል፣ ጎረቤት ተበትኗል። ክርክሩም በሁለት ወገን ተከፍሎ አንዱ ስለ ውበት፣ ሌላው ስለ ካሳ ይናገራል። ሁለቱም ተገቢ ክርክሮች ናቸው፤ ሁለቱም ግን አደባባይ ምን እንደሆነ አስቀድመን የተስማማን ያስመስላሉ። አልተስማማንም። ስለዚህ ጥያቄውን ይዤ ከዋና ከተማው ይልቅ ወደ ሸሕዲ መውረድ እመርጣለሁ። በዋና ከተማ አደባባዩ አስቀድሞ ተነድፎ ሰው በኋላ ይመጣበታል፤ በሸሕዲ ሰው አስቀድሞ ይመጣል፣ አደባባዩ የት እንዳለ የሚታወቀውም ሰዉ ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ሸሕዲ፣ ገንዳ ውኃም የምትባለው፣ የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ናት። ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በአይከል አልፎ ወደ ቆላ የሚወርደው መንገድ ሰንጥቋት ወደ መተማ ዮሐንስ፣ ከዚያም ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ገላባት ይዘልቃል። አማራው፣ ቅማንቱና ጉሙዙ በዚህ ምድር ይኖራሉ፤ ከደጋ ወርዶ የሠፈረው ብዙ ነው። ነገር ግን የከተማዋን መልክ የሚሰጣት ኗሪዋ ብቻ አይደለም። ሰሊጡ ሲታረምና ሲታጨድ፣ ጥጡ ሲለቀም፣ ሳሉግ የሚባለው የቀን ሠራተኛ ከደጋው በገፍ ይወርዳል፤ ወራቱ ሲያልቅም ይመለሳል። ሾፌሩ ያድራል፣ ነጋዴው ይከርማል። በሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ፣ ሱዳናዊው ስደተኛ በመተማ በኩል ገብቶ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ተቀመጠ፤ በዚያም ሰላም ያጣ ነበር። በነሐሴ 2015 ደግሞ በክልሉ ውስጥ ውጊያ ሲነሣ ኗሪውም በገዛ መንገዱ ላይ አላፊ ሆነ። እንግዲህ በእንዲህ ያለች ከተማ «የሁሉም» ማለት «የሀገሬው» ማለት ሊሆን አይችልም። ሀገሬው ማን እንደሆነ በየወራቱ ይለዋወጣል። ድንበር ላይ ያለ ከተማ ለአሳብ የሚጠቅመው በዚህ ነው፤ መሐል አገር ላይ ሆነን ያለ ጭንቅ የምናልፈውን ቃል ይዞ ይጠይቀናል።

የመጀመሪያው መልስ የባለቤትነት መልስ ነው። አንድ ቦታ የሁሉም የሚሆነው ማንም በግሉ ስላልያዘው ነው ይባላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን ከሽያጭ አውጥቶ የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ሀብት አድርጎታል። በዚህ ሚዛን ከሄድን በኢትዮጵያ ምድር የሁሉም ያልሆነ አንድ ስንዝር መሬት የለም፤ ሰፊው የሰሊጥ እርሻም፣ የታጠረው የመጋዘን ግቢም የሁሉም ነው። ግን ሳሉጉ ወደ መጋዘኑ ጥላ ተጠግቶ ጋደም ሲል ዘበኛው ያስነሣዋል፤ ሕገ መንግሥቱን ጠቅሶ የሚከራከርም የለም። ነገሩ የሕግ መጣስ አይደለም። ባለቤትነት ቦታው የማን እንደሆነ ይናገራል፤ በቦታው ላይ ማን ሊገኝ እንደሚችል ግን አይናገርም። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚሄዱ አንድ ይመስሉናል። ተለያይተው ሲገኙ ግን አንዱ ሌላውን እንደማይወልደው እናያለን። በግል ይዞታ ሥር ያለ በረንዳ ለማንም ክፍት ሊሆን ይችላል፤ በሕዝብ ስም የተያዘ ሜዳ ደግሞ ለሕዝብ ዝግ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሁሉምነት ምንጩ ከካርታና ከደብተር ሌላ ነው።

ሁለተኛው መልስ የክፍትነት መልስ ነው። ማንም መጥቶ ሊገኝበት የሚችል ቦታ የሁሉም ነው። ይህ መልስ ከመጀመሪያው ይሻላል፤ መተማም ቢሆን ጥሩ ምስክር ትመስላለች። በ19ኛው መቶ ዘመን የመተማ ገበያ ከደጋ በሚወርደው ቡና፣ ሰምና ቆዳ፣ ከሱዳን በሚመጣው ጥጥና ጨርቅ የደመቀ ነበር። የሐበሻ ነጋዴና የሱዳን ጀላባ በአንድ ሜዳ ይገናኙ ነበር። ሥፍራውን ያስተዳድሩ የነበሩት ተክሩሪዎች፣ መነሻቸው ከምዕራብ የሆነ ሙስሊሞች፣ ለኢትዮጵያም ሱዳንን ለያዘችው ለግብፅም ይገብሩ ነበር፤ ሁለት ጌታ ያለው ገበያ ለአንዱም ሙሉ በሙሉ አያድርም። ቋንቋው ብዙ፣ ሃይማኖቱ ብዙ፣ ክፍት የሚባል ቦታ ቢፈለግ ከዚህ የበለጠ ከወዴት ይገኛል? ይሁንና በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ፀሐይ፣ ሰው ለሽያጭ ይቀርብ ነበር። መተማ ከባሪያ ንግድ ዋና መውጫዎች አንዷ ነበረች። ክፍት የሆነው ገበያ ለባሪያውም ክፍት ነበር፤ እርሱም እንደ ማንኛውም ሰው በመሐሉ ቆሟል። የቆመው ግን እንደ ዕቃ ነው። ይህን ካየን በኋላ «ማንም ሊገኝበት የሚችል» የሚለው ፍቺ ብቻውን ሊቆም አይችልም። መገኘት አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሆኖ መገኘት ሌላ ነገር ነው። ልዩነቱን በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም፤ በሜዳው ላይ የቆሙት ሁለቱም ይታያሉና። ልዩነቱ አንደኛው ሲናገር መልስ የሚሰጠው ሲሆን፣ ሌላው ሲናገር ግን ዋጋው ብቻ የሚሰማ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው መልስ የመታየት መልስ ነው፤ ሐውልትና ሥዕል ወደ ነገራችን የሚገቡትም በዚህ በር ነው። ሁሉም የሚያየው ነገር የሁሉም ይሆናል፣ ቦታውንም የሁሉም ያደርገዋል ይባላል። ከዚሁ ከምዕራብ ጎንደር፣ ከቋራ፣ የተነሣውን፣ በኋላም ዐፄ ቴዎድሮስ የተባለውን ካሳ ኃይሉን እንውሰድ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያስቀለጡት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በ1860 ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዝ ወራት ፈጅቷል። መንገድ እየተጠረበ፣ ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ ሠራዊቱ እየገፋና እየሳበ ተጓዘ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከሠራተኛው ጋር እጃቸውን ያሳርፉ ነበር። መድፉ በጦርነቱ የረባ ሥራ ሳይሠራ ቀረ፤ ጉዞው ግን ሺህ እጅ የነካው ሥራ ነበር። ዛሬ የመድፉ አምሳያ አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ መሐል ቆሟል። በየቀኑ በዙሪያው ባለመኪናው ይዞራል፣ ሁሉም ያየዋል፣ የሚደርስበት ግን ጥቂት ነው። ያኔ የሚያየው ሁሉ የሚገፋው ነበር፤ አሁን የሚያየው ሁሉ የሚዞረው ሆነ። መታየት በበዛ ቁጥር መነካት የሚያንስ ከሆነ፣ እይታ የሁሉምነት ምልክት ከመሆን ይልቅ ምትኩ ሊሆን ይችላል። የኮሪደሩን ውበት አስመልክቶ የሚሰማኝ ጥርጣሬም ከዚህ ይመነጫል፤ ያማረ ቦታ ሁሉ ይታያል፣ ለመታየት የተሠራ ቦታ ግን ሰውን ወደ ተመልካችነት ይመልሳል፤ ተመልካች ደግሞ ካየ በኋላ የሚጠበቅበት መሄድ ነው።

ታዲያ በሸሕዲ አደባባዩ የት ነው? በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲያልፍ፣ በቀትር የሚታየው ሰፊ ሜዳ ባዶ ነው። ደገኛው «አደባባይ» ብሎ የሚያስበው፣ ለሰልፍና ለበዓል የሚመቸው ገላጣ ቦታ፣ በዚህች ከተማ ለአብዛኛው ቀን ሰው የማይቆምበት ነው። ሰው ያለው ጥላ ባለበት ነው፤ ከዛፉ ሥር፣ ከሱቁ በረንዳ፣ ከቆመው የጭነት መኪና ጎን፣ ራኩባ ከሚሉት የእንጨትና የሣር ዳስ ውስጥ። ጥላ ደግሞ አይቀመጥም። ጠዋት ከመንገዱ ወዲህ የነበረው ከሰዓት በኋላ ወዲያ ማዶ ይሄዳል፣ ሰዉም በርጩማውን ይዞ ይከተለዋል። እዚህ ላይ ያለው ትምህርት ስለ አየር ጠባይ ብቻ አይመስለኝም። አደባባይን ሁልጊዜ እንደ ቦታ ስለምናስበው፣ በስፋቱና በወሰኑ እንለካዋለን፤ ቆላው ግን አደባባይ አስቀድሞ ጊዜ መሆኑን ያሳያል። «እስከ መቼ መቆየት ይቻላል?» የሚለው ጥያቄ «ወዴት መግባት ይቻላል?» ከሚለው ይቀድማል። መግባት ለማንም ይፈቀዳል፤ ሸቀጥም ይገባል፣ ባሪያም ወደ ገበያው ገብቷል፣ ተመልካችም ወደ ፏፏቴው ይገባል። መቆየት ግን ሌላ ነው። ያለ ጉዳይ፣ ያለ ግዢ፣ ያለ መታወቂያ፣ «ምን ትሠራለህ?» ሳይባሉ መቆየት፣ ሰውን እንደ ሰው የመቀበል የመጀመሪያው ምልክት ይመስለኛል።

ይህ መቆየት ከእንግድነት ጋር መምታታት የለበትም። እንግዳ መቀበል የምንኮራበት ባህል ነው፤ እንግዳ ግን በሌላው ቤት ውስጥ ያለ ሰው ነው። ምስጋና አለበት፣ ሥርዓት አለበት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጊዜ አለበት። እንግዳ በሰነበተ ቁጥር ከወርቅነት ወደ ብረትነት ይወርዳል የሚለው ተረታችን ጭካኔ የለበትም፤ እውነት ነው። የቤት ቸርነት የባለቤቱ ስለሆነ ያልቃል። በጥላ ሥር የተቀመጠው መንገደኛ ግን የማንም እንግዳ አይደለም። ምስጋና አይጠበቅበትም፤ ሲሄድም ስንብት የለበትም። ስደተኛን «እንግዳችን» ብለን ስንጠራው የምንሰጠው ክብር ትልቅ ነው፤ በዚያው ቃል ውስጥ ግን ቤቱ የእኛ መሆኑንና ቀኑ የተቆጠረ መሆኑን እንነግረዋለን። አደባባይ ማለት እንግድነት የሚያበቃበት ቦታ ነው ብል ከእውነት የምርቅ አይመስለኝም። በዚያ ቦታ ባለቤት የለም፤ ባለቤት ከሌለ እንግዳም የለም፤ የቀረው በጥላው ሥር እኩል የሆነ አላፊ አግዳሚ ነው። በነፍስም ቢሆን ሁላችንም በዚህ ዓለም ላይ ያለነው በዚሁ ስም ነው፤ ድንበር ላይ ያለ ከተማ ይህን ለስብከት ያህል አይናገረውም፤ በየቀኑ ይኖረዋል እንጂ።

እንግዲህ ጥበብ በዚህ ውስጥ ሥራው ምንድን ነው? በጥላው ሥር የሚታየውን ብንዘረዝር አብዛኛው በጥበብ ስም የማይጠራ ነው። በአማርኛና በዓረብኛ ጎን ለጎን የተጻፈ የሱቅ ስም፣ በጭነት መኪና አካል ላይ የተሣለ አንበሳና መስቀል፣ ከሻይ ቤቱ የሚወጣ የሱዳን ዘፈን። ይህ የመጨረሻው ጥቂት እንድንቆይበት ያስገድደናል። የሰሜንና የመካከለኛው ሱዳን ዘፈን እንደ አማርኛው ሁሉ በአምስት ድምፅ ቅኝት ላይ የቆመ ነው፤ መሐመድ ዋርዲ ዓረብኛ በማይሰማው ኢትዮጵያዊ ዘንድ የተወደደውም ቃሉ ሳይገባ ዜማው ስለሚገባ ነው። ሁለት መንግሥታት በድንበሩ ላይ ይከራከራሉ፤ ዜማው ግን ተሻግሮ ቁጭ ብሏል። ስለዚህ በጥላው ሥር ያለው ጥበብ አንድ ግልጽ ሥራ አለው፤ ለመቆየት ምክንያት ይሰጣል። ሰው «ምን ትሠራለህ እዚህ?» ቢባል «ዘፈኑን እሰማለሁ» ይላል። ምክንያት የሌለውን መቆየት ምክንያት ያለው የሚያስመስል ይህ ትንሽ ሰበብ፣ ለስደተኛውም ለሳሉጉም ትልቅ መጠለያ ነው። ታላላቅ የጥበብ ሥራዎችም ከዚህ የተለየ ነገር መሥራታቸውን እጠራጠራለሁ። በ2011 አዲስ አበባ መካኒሳ ላይ የተከፈተው የኤልያስ ስሜና የመስከረም አሰግድ ዞማ ሙዚየም ከጭቃና ከጭድ የተሠሩ ቤቶችን ራሳቸውን ጥበብ አድርጎ ሲያቀርብ፣ ሥራው ሥዕል ከመስቀል ይልቅ መቆያ መሥራት መሆኑን ተረድቷል። ግቢው ግን አጥርና በር አለው፤ የሸሕዲው ጥላ አጥር የለውም። ጥበብ ቦታ መሥራትን ሲማር፣ አጥርን ከመሥራት ገና አልተላቀቀም።

ነገር ግን መቆየት ብቻውን ይበቃልን? ጥላ ለተኛም ሰው ጥላ ነው። የባሪያው ነገር ያስተማረን ሁለተኛ ነገር አለ፤ ሰው ሆኖ መገኘት ማለት መናገርና መልስ ማግኘት ነው። እዚህ ላይ አዝማሪው ይመጣል። የጎንደር አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ ሲገባ ዜማው የእርሱ ነው፤ ቃሉ ግን ግማሹ የአድማጩ ነው። አንዱ ከተቀመጠበት «ተቀበል!» ይላል፤ ስንኙን ይወረውራል፤ አዝማሪው ወዲያው ተቀብሎ በዜማው ያወጣዋል። ስንኙን የወረወረው ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ አይጠየቅም፤ ባለ አምስት መቶ ብሩም ባለ አሥር ብሩም ይሰማል። ይህ እንግዲህ ከሐውልት የሚለይበት ዋና ነገር ነው። ሐውልት ይናገራል እንጂ አይቀበልም። ምን ያህል ቢገዝፍ፣ ከፊቱ የቆመው ሰው የሚጨምርለትም የሚያርምለትም ነገር የለም። አዝማሪው ደግሞ ያለ አድማጩ ግማሽ ነው። በእርግጥ እዚህም ላይ ጥርጣሬ አለ፤ አዝማሪው ለከፈለው ያሞግሳል፣ የፈራውን ያቆላምጣል፣ ሰውን በአደባባይ ሊያዋርድም ይችላል። መልስ የሚቀበል ጥበብ ሐሰትንም ይቀበላል። ቢሆንም ሐሰቱ እዚያው ላይ በሌላ ስንኝ ሊመለስ ይችላል፤ የድንጋይ ሐሰት ግን ማፍረስን ይጠይቃል። የሚመለስለት ጥበብ ባለበት ከተማ ሐውልት ማፍረስ የሚያንሰው ለዚህ ይመስለኛል።

ይህን ልዩነት ከማንም በላይ ጠንቅቆ ያወቀው ጠላት ነበር። ፋሽስት ኢጣሊያ ሀገሪቱን ሲይዝ በ1923 የቆመውን የዐፄ ምኒልክን ሐውልት ነቅሎ ቀበረው፤ የይሁዳ አንበሳን ሐውልትና የአክሱምን ሐውልት ወደ ሮም ወሰደ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 የግድያ ሙከራ በኋላ ደግሞ የፋሽስቱ ገዥ ግራዚያኒ ጠንቋዮችን፣ ተንባዮችንና በየመንደሩ እየዞሩ የሚተርኩና የሚያዜሙ ሰዎችን እየለቀመ አስረሸነ። ድንጋዩን ማጋዝ፣ አዝማሪውን መግደል፤ በዚህ ክፋት ውስጥ አንድ የተጣመመ ዕውቀት አለ። ሐውልት ከሥፍራው ከተነሣ ዝም ይላል፤ ዘፈን ግን በሕይወት ካለ ሰው ሌላ ሥፍራ ስለሌለው ሰውየው ካልሞተ አይነሣም። ከዚያ ወዲያ የሆነው ግን ይህንንም ፍቺ አናወጠው። የይሁዳ አንበሳ በሮም አደባባይ፣ በዶጋሊ ጦርነት ለሞቱባቸው ወታደሮች በቆመው ሐውልት አጠገብ ለድል ምልክትነት ሲቀመጥ፣ ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ በፊቱ ተንበረከከ፤ ሊያስነሡት ሲመጡም ሰይፉን መዘዘ። ታሪኩ በየአፉ የተለያየ ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላ ዘመኑን በእስርና በአእምሮ ሕሙማን ቤት ፈጽሞ በ1937 መሞቱ የታወቀ ነው። ዘርዓይ በሮም አደባባይ ላይ እንግዳ ነበር፤ ድንጋዩም አይቀበልም፤ እርሱ ግን መለሰ። ስለዚህ የሚመለስለትና የማይመለስለት ጥበብ የሚለየው በሥራው ብቻ አይደለም። የተዘጋ ሐውልት እንኳ የሚመልስለት ሰው ሲያገኝ አደባባይ ይሆናል፤ ዋጋው ግን በዘርዓይ ላይ ወደቀ። ጥሩ አደባባይ የሚባለው እንግዲህ መልስ ሕይወት የማያስከፍልበት ነው።

በዚህ ሚዛን የዛሬውን ለውጥ መመዘን ይቻላል፤ ሚዛኑ ግን ለአንድ ወገን ማዳላት የለበትም። በካሳንቺስ ከአዝማሪ ቤትነት ተነሥቶ የባህል ማዕከል የሆነው የመላኩ በላይ ፈንድቃ፣ በ2017 ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ከነበረበት ተነሣ። ስንኝ የሚቀበል ቦታ ጠፍቶ የሚታይ ቦታ ተተካ ማለት ይቻላል። በሌላ በኩል፣ በሰፋው የእግረኛ መንገድ ላይ በመብራት ሥር ማታ የሚንሸራሸረው ሕዝብ እውነተኛ ሕዝብ ነው፤ ከዚህ በፊት በጨለማና በጭቃ ይሰቀቅ የነበረው እናትና ሕፃን አሁን ወጥተዋል፤ ይህን አቃሎ ማየት ግብዝነት ነው። የድሮው ሰፈርም ለሁሉም እኩል አልነበረም፤ ቅርበቱ ላወቀው ሙቀት፣ ላላወቀው ግልምጫ ነበር። ስለዚህ አዲሱን ከአሮጌው ጋር ማነጻጸር ወደ ናፍቆት ብቻ ይወስዳል። ሁለቱንም ከአንድ ሰው አንጻር መጠየቅ ይሻላል፤ ትናንት ማታ ከአውቶቡስ የወረደ፣ ገንዘብ የሌለው፣ ቋንቋውን በደንብ የማይናገር ሰው በዚህ ቦታ ላይ ስንት ሰዓት ይቆያል? ቢናገርስ ማን ይመልስለታል? ያማረው መንገድ በዚህ ጥያቄ ሊያልፍ ይችላል፤ የሞቀው ሰፈርም በዚህ ጥያቄ ሊወድቅ ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው አያዎ ግን ገና አልተነካም። የማንም ያልሆነ ጥላ ማን ይንከባከበዋል? ለሰሊጥ እርሻ ሲባል ደኑ ሲመነጠር፣ የመተማ የዕጣን ዛፍ እየተመናመነ ሲሄድ ያየ ሰው፣ የሁሉም የሆነ ነገር የማንም ጭንቅ እንዳልሆነ ያውቃል። ጥላው በየጠዋቱ ራሱን አያዘጋጅም። መሬቱን የጠረገ፣ አቧራውን በውኃ ያረሰረሰ፣ በርጩማውን የደረደረ፣ ከሰሉን ያቀጣጠለ ሰው አለ፤ ብዙ ጊዜም ጀበና ይዛ የምትቀመጥ ሴት ናት። እርሷ ለትርፍ ትሠራለች፣ ትርፏም የዕለት ጉርስ ነው፤ ነገር ግን አንድ ስኒ ያዘዘው ሰው ሁለት ሰዓት ሲቀመጥ፣ ያላዘዘውም ከጎኑ ሲጠጋ ዝም ትላለች። ያ ዝምታ ነው አደባባዩን የሚሠራው። እንግዲህ የሁሉም ያልነው ቦታ በአንድ ሰው የግል ድካም ላይ ቆሟል፤ ያም ሰው ከሁሉ ያነሰ አቅም ያለው ነው። ቀደም ብዬ በዚያ ቦታ ባለቤት የለም ብያለሁ፤ ባለቤት የለውም፣ አዘጋጅ ግን አለው። በባለቤትና በአዘጋጅ መካከል ያለው ልዩነት የዚህ ሐተታ ፍሬ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ባለቤት ያስነሣል፣ አዘጋጅ ያስቀምጣል። አሳዛኙ ነገር ቦታ ለሕዝብ ይዋብ ሲባል ከሁሉ አስቀድሞ የምትነሣው ይህችው ሴት መሆኗ ነው። ሕጋዊ አይደለችም፣ መንገድ ትዘጋለች፣ ገጽታ ታበላሻለች ይባላል። የቀረው ቦታ ይጸዳል፣ ይሰፋል፣ ያምራል፤ አደባባዩ ግን ከበርጩማዋ ጋር አብሮ ተነሥቷል።

ይህ ሁሉ አሳብ በመጨረሻ የሚፈተነው በመተማ ዮሐንስ ነው። በመጋቢት 1881 ዐፄ ዮሐንስ እዚያ ከሱዳን መሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ሞቱ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወስዶ ለሕዝብ ዕይታ ቀረበ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ጎንደር በመሐዲስቶች ተቃጥላ ነበር። ከማዶም ብዙ ሺህ ሰው አልቋል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1933 መጀመሪያ፣ የእንግሊዝና የህንድ ወታደሮች በዚያው ገላባት ላይ ከኢጣሊያ ጋር ተዋጉ። ከተማይቱ የንጉሡን ስም ተሸክማለች፤ ስሟን የሚጠራ ሁሉ፣ የሱዳን ነጋዴም ጭምር፣ ሳያስበው መታሰቢያውን ይደግመዋል። አሁን አንድ ቀራፂ በድንበሩ ድልድይ አቅራቢያ መታሰቢያ ሥራ ቢባል ምን ይሥራ? ለወዲህኛው ብቻ ቢሠራ፣ ነፍሱን ይዞ ከካርቱም የሸሸው ሰው ወደ ሀገሪቱ ሲገባ የሚቀበለው አያቱን የሚረግም ድንጋይ ይሆናል። ለሁለቱም ሲል ታሪኩን ቢያለሳልስ፣ የንጉሡን አንገት የረሳ ውሸት ይሆናል። ስለዚህ የሁሉም የሆነ መታሰቢያ ሐዘኑን ሳይደብቅ የባላንጣውን ልጅ በፊቱ የሚያስቆየው ነው፤ «ይህ በእኛ ላይ ሆነ» ሲል፣ «በእኛም ላይ ሆነ» የሚለውን መልስ የሚቀበል ነው። ይህን የሚያደርግ ድንጋይ መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ ምናልባት ድንጋዩ ትንሽ ሆኖ በዙሪያው ያለው መቀመጫና ጥላ ሰፊ መሆን ይገባው ይሆናል። ለማንኛውም ሥራው ተመርቆ ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ፣ ያማረ መሆኑን ለመናገር መሐንዲሱና ሹሙ አይጠፉም፤ የሁሉም መሆኑን ግን ሊመሰክሩ አይችሉም። ያን ሊመሰክር የሚችለው በቀትር ከማዶ የመጣ፣ ማንም የማያውቀው ሰው ነው፤ ምስክርነቱም ቃል ሳይሆን ሳይነሣ መቆየቱ ነው።